ግማሽ ድምፅ ዝቅ

ቀለሜ የሚሉት ትምህርት ስለሚወድ አይደለም። ከትምህርትማ ገና በጠዋቱ ነው የተጣላው። መኪና ቀለም የሚረጭበት ጋራዥ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ከጆሮው ጀርባ አንድ ጠብታ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም፤ አንዱን ሳምንት ቀይ፣ ሌላውን ሳምንት ብርማ። «ፊቱን ታጥቦ ጆሮውን የሚረሳ ወንድ፣ ‹ኧረ ጆሮህ!› የምትለው የለችውም ማለት ነው» ብላ ፌንጣ ሒሳቧን የሠራችው ገና ባየችው ቀን ነው።

እሷን ደግሞ ፌንጣ ያሏት ቀጫጭን እግሮቿንና አንድ ቦታ አለመርጋቷን አይተው ነው። የአንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። ሰው አገር ከመጣች ወዲህ የታናናሾቿ የወተት ጥርስ ወልቆ ሌላ በቅሏል፤ ያየችውም በስልክ ነው።

በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ የሚጫወት ባንድ ነበራቸው፤ ባንድ ከተባለ። ድራመሩ ሹፌር፣ ጊታር የሚመታው ኤሌክትሪሻን፣ ዘፋኙ ቀለሜ። የራሳችን የሚሉት አንድ ዘፈን የላቸውም። ሌሎች ዘፍነው ያስለመዱትን፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን ነው የሚጫወቱት። አድማጩም ሌላ አልጠየቀም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሲታዘዝ የከረመ ሰው አዲስ ነገር ምን ያደርግለታል?

ቤዝ ጊታሩን ጥሎት የሄደው ኮንትራቱ አልቆ አገሩ የገባ ሰው ነው። «ማን ይያዘው?» ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ፌንጣ እጇን አወጣች።

«አንቺ?» አለ ሹፌሩ። «ሚዛን ላይ ብትወጡ እኮ እሱ ይበልጥሻል!»

«ክሩ አራት ብቻ ነው አይደል? የጊታሩ ስድስት ነው። ምን በወጣኝ ስድስት እማራለሁ?»

ቀለሜ ሳቀ። ሳቁን አየችው። ከዚያ ወዲያ ለሙዚቃ ፍቅር ስትል ነው ቤዝ የተማረችው የሚል ካለ፣ እሱ ሞኝ ነው።

እየቆየች አንድ ነገር አስተዋለች። ከፍ ያለው ቦታ ሲደርስ፣ ድምፁ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ቀለሜ ሁልጊዜ ዞር ብሎ እሷን ያያል።

«ለምንድን ነው ልትጮህ ስትል እኔን የምታየኝ?»

«መሰላል ልትወጪ ስትዪ ከታች የያዘልሽ ሰው መኖሩን አታይም?»

«ብለቀውስ?»

«እወድቃለኋ። ከዚያ ታስታምሚኛለሽ።»

«አፍህ!» አለችው። ማታ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ያቺን መሰላል ስንት ጊዜ ወጥታ እንደወረደች ትራሷ ይንገራችሁ።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዘፈን መሃል ገባ። አንድ ቀን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁ እንደ አሮጌ አንሶላ ቀደድ አለ፤ ክበቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ቀለሜ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ኤሌክትሪሻኑ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣

«ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ሌላ ዘፋኝ መፈለጋችን ነው» አለ።

ፌንጣ የቤዙን ክር ነካ አደረገች። «ክሩን እናላላው» አለች ሳታስበው።

«ምን?»

«ክሩ ከላላ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ሁላችንም ግማሽ ድምፅ ዝቅ እንበል። እሱ እኛን ሰምቶ ነው የሚገባው። እኛ ከወረድን አብሮን ይወርዳል፤ አያውቀውም።»

«ሳንነግረው?»

«ብንነግረው ይከፋዋል።»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለራሷም አልነገረቻትም፤ ከባንዱ ከወጣ የት ታየዋለች? የሱ መኝታ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ የሷ ወዲህ ማዶ፤ የላውንደሪው በር ደግሞ ሲመሽ ይቆለፋል።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ቀለሜ ሳይደርስ ቀድመው ክሩን አላሉ። ዘፈነ። ያ ያስቸገረው ቦታ ላይ ሰተት ብሎ ወጣ።

«ዛሬ ድምፄ ተከፈተልኝ አይደል?» አላት ላቡን እየጠረገ።

«ማር ነው!»

ደስታው የልጅ ነበር። እሷም ያንን ደስታ ስታይ፣ ጥፋት ሠርታለች ብሎ የሚከራከራት ቢመጣ አንገቱን ታንቅ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሌላ ግማሽ ወረዱ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ።

አንድ ቀን ከክበቡ ደረጃ ላይ እንደተቀመጡ ቀለሜ ክፉኛ ሳለ።

«ሐኪም ይይህ እንጂ» አለችው።

«ተይ ባክሽ፣ የቀለም አቧራ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያረጁት ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹ድምፅህ ሲሄድ አንተም ሂድ።› ሳል የማንም ነው፤ ክፉ ምልክቱ ድምፅ ነው። የኔ ድምፅ ደግሞ ይኸው አንቺው ትሰሚዋለሽ።» ዞሮ አያት። «ደህና ነው አይደል?»

እዚህ ጋ ነበር መናገር። ፌንጣ ጣቶቿን አየች፤ ክሩ አደንድኗቸዋል። ዓይኑን ግን ማየት አቃታት።

«ደህና ነው» አለች።

ከዚያም ራሷ ነገሩን አባሰችው። አንሶላ ሊወስድ የሚመጣው የሆቴሉ ሰው ለሻይ ሰዓት አዳራሻቸው ዘፋኝ እንደሚፈልጉ ሲያወራ ሰማችና፣ አፏ ቀድሟት «እኔ አውቃለሁ!» አለች። ሆቴሉ ከወሰደው የሥራ ፈቃዱን ከጋራዡ ባለቤት ወደ ራሱ ያዞርለታል፤ ከቀለም ይወጣል ማለት ነው። ለቀለሜ ነገረችው።

«ከወጣሁ የእናትሽን ስልክ ትሰጪኛለሽ» አለ።

«እናቴን ምን ልትላት?»

«የሚባለውን ነዋ።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከጆሮው ጀርባ አረንጓዴ ጠብታ ነበረች። ፌንጣ በአውራ ጣቷ ጠረገችለት፤ ደርቃ ስለነበር አልለቀቀችም። እሷም እጇን ለማንሳት አልቸኮለችም።

ያን ለት ክንፍ አውጥታ ነው ክፍሏ የገባችው። አብራት የምትኖረው፣ ካውያ ላይ የምትሠራው እትዬ ካልሲዋን እየጠገነች ሁሉንም ሰማቻት።

«እሰይ የኔ ልጅ። ባንዳችሁም አብሮ ሊጫወት ነው?»

«አይ፣ ብቻውን ነው። እነሱ ፒያኖ አላቸው...»

ፌንጣ አሁን ገና ገባት። የፒያኖ ክር አይላላም። ፒያኖ ለቀለሜ ብሎ ግማሽ ድምፅ አይወርድም።

ፌንጣ ነገሩን ስታስረዳት እትዬ መርፌዋን አቆመች። «ሳትውይ ሳታድሪ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ደስታው ትንሽ በረድ ሲልለት።»

«አንቺ ልጅ፣ ደስታው በረድ ሲል የሚነግረው ሌላ ሰው ይሆናል!»

ፌንጣ አልነገረችውም። ይልቅ አንሶላ በሚጫንበት መኪና ለምና ተሳፍራ፣ የሆቴሉን ፒያኖ ተጫዋች ፈልጋ አገኘች። ሴትየዋ ጥፍሯን እየሞረደች አዳመጠቻት።

«ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ብትጫወቺለት፣ እባክሽ።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው የምጫወተው። ዘፋኝ ከሆነ ይዘፍነዋል።»

ቀለሜ ሆቴሉ በቀጠረው የፈተና ቀን ከሹፌሩ ሸሚዝ ተውሶ መጣ። ጆሮውን ታጥቧል። ፒያኖው ሲጀምር ፊቱ ላይ ትንሽ ግራ መጋባት አየች፤ የገዛ ቤቱን በር ከፍቶ ዕቃው ቦታ እንደተቀየረበት ሰው። ገባ። እንደምንም ተንገታገተ። ከፍ ያለው ቦታ ሲደርስ ዞር አለ፤ ፌንጣ በር አጠገብ፣ እጇ ባዶ፣ ቆማለች። አፉ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሳሉ ያዘው፤ ፒያኖው ብቻውን ትንሽ ሄዶ ቆመ።

«እናመሰግናለን» አለ የአዳራሹ ኃላፊ በጨዋ ደንብ። የጨዋ ደንብ አንዳንዴ ከጥፊ ይብሳል።

ውጭ ባንዱ ሁሉ እየጠበቀ ነበር።

«የማይረባ ፒያኖ ነው» አለ ቀለሜ ጉሮሮውን ይዞ። «ከፍ አድርገው ነው የቃኙት።»

ኤሌክትሪሻኑ ከልቡ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ «ፒያኖው ከፍ አላለም ወንድሜ። እኛ ነን ዝቅ ያልነው» አለ።

«እናንተ እነማን?»

ሁሉም ወደ ፌንጣ አዩ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት።

«ሳሉ... ከጀመረህ ወዲህ።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን የሚጮህበት ድምፅ አልነበረውም። «ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ» አለ በሻከረ ድምፅ። «ያን ቀን ደረጃው ላይ። በድምፄ ነበር ራሴን የምለካው። ሄዷል ብትዪኝ ያን ጊዜ ጋራዡን እለቅ ነበር። ሰው ሁሉ ቢስቅብኝ ግድ አልነበረኝም፤ አንቺ እንዴት...»

አልጨረሰውም። ሄደ። መንገዱን ሲሻገር ሳሉ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

የቀረውን ወሬ ያመጣላት ሹፌሩ ነው። ሐኪም አይቶታል። ቀለሙን አሁኑኑ መተው አለበት፤ አንድ ወር ሙሉ ደግሞ መናገር የለበትም፣ ሹክሹክታም ጭምር። ያኔ ድምፁ ምናልባት ይመለሳል። ከተናገረ ግን ዋስትና የለም። የጋራዡ ባለቤት ሌላ ሥራ ስጠኝ ሲባል «ካልቀባህ ሂድ» አለ። ፈቃዱ ያለው በሱ እጅ ነው። ቀለሜ አገሩ ሊገባ ነው።

ፌንጣ ያን ሰሞን አንሶላ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። አንሶላ ደግነቱ ብዙ ነው።

በሚሄድበት ቀን፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንሶላ በሚጫንበት የኋላ በር ቀለሜ ቆሞ አየችው። ሻንጣው ሹፌሩ መኪና ውስጥ ነበር። ፌንጣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«ልትሰድበኝ ከሆነ ሐኪሙ ከልክሎሃል» አለች። ልታስቀው ያመጣችው ቀልድ አፏ ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሆነባት።

እሱ ዝም።

«ለአንተ ብዬ ነው አልልህም። እንዳይከፋህም ብዬ ነው፤ ግን ደግሞ እንዳላጣህ ብዬ ነው። ለራሴ። አንተ እየታመምክ እኔ ያንተን ከሰዓት በኋላ እየሰረቅሁ ነበር። ይኸው አጣሁህ።»

የቀለሜ ዓይን ከፊቷ አልተነሳም። ያ ከፍ ካለው ቦታ በፊት የሚያያት አስተያየት አልነበረም፤ ይሄ ከዚያ የከበደ፣ የደከመ ነበር።

«ይቅር ብለኸኛል? ራስህን ነቅንቅልኝ። ካላልክም ወዝውዘው፣ እኔ አልሞትም።»

አልነቀነቀም። በራስ መነቅነቅ የሚያልቅ ነገር አልነበረም መሰለኝ። ወደ እሷ ቀረበ፣ አየር ሳበ፣ አፉን ከፈተ።

ያን ቃል ለመስማት ፌንጣ የማትሰጠው ምን ነበር? እርግማንም ቢሆን፣ ፍቅርም ቢሆን። ክፉም ደግም ሳታውቅ ሌት ተቀን ተቃጥላለች። ሊናገር መሆኑን ስታይ ግን እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ሄደና አፉን ከደነው።

«አትናገር!» አለች። «ተው! እንኳን ለኔ ለማንም እንዳትናገር። ይቆይልኝ። ስትድን ደውልና ንገረኝ። የመጀመሪያውን ቃል ለእናትህ ስጣት፤ ሁለተኛውን ለኔ። ስድብም ከሆነ በጤናማ ድምፅ ስደበኝ።»

እጇን ሊያነሳ አልሞከረም። ዓይኖቹ ሞሉ። ከዚያ ከንፈሮቹ መዳፏ ውስጥ ተንቀሳቀሱ፣ ያለ ትንፋሽ፣ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብለው። አንድ ቃል ነበር፤ ምናልባትም ሁለት። ፌንጣ ምን እንደሆነ መለየት አልቻለችም። እንዲደግመውም አልጠየቀችውም።

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ቀለሜ ሄደ፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ አንዴ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ አንሶላውን በአንድ እጇ ስታጣጥፍ አገኘቻት። ሌላኛውን እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«እጅሽን ምን ሆንሽ? ተቃጠልሽ እንዴ?»

«አይ እመቤት» አለች ፌንጣ። «የሰው አደራ ይዤ ነው።»