አርባ ስምንት ሺህ ይበቃል

«እንደገና ተቆራርጧል» አለች ሰናይት ማዳመጫውን ከጆሮዋ እያወረደች።

የጓደኛዋ የቲና ዘፈን ሲበላሽ ይህ ሁለተኛው ነው። ቃላቱ መሃል ላይ ይዋጣሉ፣ ዜማው ይደነቃቀፋል። የትምህርት ቤቶች የቪዲዮ ውድድር ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቲና ድምፅ ደግሞ መሻከር ጀምሯል፤ አንድ ጊዜ ብትዘፍን ነው፣ ከዚያ ኸላስ፣ አበቃ።

የሚቀዱት ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር ባለው የሰናይት አክስት ምግብ ቤት፣ ዕቃ ቤቱን በፍራሽ ከበው ነው። ጄኔሬተሩ እየጮኸ መቅዳት ስለማይቻል ማጥፋት ግድ ይላል። አክስቷ አረጋሽ ግን መረር ብለዋል። «ፍሪጅ ሙሉ ሥጋ አለኝ። አንዴ ለአሥር ደቂቃ አጥፉት፣ ከዚህ በኋላ አላውቃችሁም።»

የክፍል ጓደኛቸው አክሊል ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። «ቴክኒኩን ለእኔ ተዉት፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቻለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረው እሱ ነው። ድምፁ በሴኮንድ ዘጠና ስድስት ሺህ ጊዜ እንዲለካ አድርጎታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥራቱም ይበዛል ባይ ነው። ያረጀው ላፕቶፕ ግን ያን ሁሉ መሸከም አቅቶት ድምፁን በየመንገዱ ይጥላል። ሰናይት ይህን ትናንት ስልኳ ላይ አንብባለች። ምን ዋጋ አለው፣ የአክሊልን ፌዝ ፈርታ ዝም አለች እንጂ።

ቲና ውሃ ተጎንጭታ አየቻት። «ሰኒ፣ የምታውቂው ነገር ካለ ተናገሪ በናትሽ።»

«ወደ አርባ ስምንት ሺህ እናውርደው» አለች ሰናይት።

አክሊል ሳቀ። «ጥራቱን ልትገድዪው?»

«የሰው ጆሮ አይለየውም። ቪዲዮውም የሚፈልገው አርባ ስምንት ነው። ለመሆኑ ስቱዲዮ ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው?»

«ሽቦ እጠቀልል ነበር» አለ አክሊል፣ ወንበሩን እየለቀቀላት።

ሰናይት ቁጥሩን ቀየረች። «በል፣ ጄኔሬተሩን አጥፋልኝ።» ሄደ።

ጋምቤላ ያደገችው ቲና ዓይኗን ጨፍና፣ ከአማርኛ ወደ ኑዌር እየተሻገረች ዘፈነች። ስትጨርስ ሰናይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። አንድም ቃል አልተዋጠም፤ ቲና ትንፋሽ የወሰደችበት እንኳ ይሰማል። ሰናይት ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖ ሳቀች። ቲና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከውጭ አክስቷ «አሥር ደቂቃው አለቀ እኮ» ይላሉ፤ የሰማቸው የለም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰናይት ድምፁን ከቪዲዮው ጋር አቀናጅታ ልትልክ ስትል የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር ላይ ደረሰች። «ቀረጻ» ከሚለው ጎን የአክሊል ስም አስቀድሞ ተጽፏል። አጠፋችና የራሷን ጻፈች።

አክሊል ከኋላዋ ቆሞ አየ። «እኔስ ታዲያ?»

ሰናይት ትንሽ አሰበች። ከሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጄኔሬተር፦ አክሊል»። ከዚያ ላከችው።