በመስታወቱ ቤት ስም አይጠራም

ከመጀመሪያው ልናገር፤ ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ የጻፍኩት አይደለም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ከራሴ ፈጥሬ ለመጻፍ ችሎታውም የለኝም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። በፈረንጆቹ 2009 መሆኑ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል።

ከተማው ኦስሎ።

ሌሊት አልነበረም። በጠራራ ቀን፣ ሰው ባለበት ነው የሆነው...

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ኖርዌይ ከገባሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። የምኖረው ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር፣ ከታላቅ እህቴ ከእታገኘሁ ጋር ነበር። እትዬ ነው የምላት። አንድ ልጅ አለቻት፤ ሜሉ። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የተወለደችው እዚያው ኦስሎ ነው።

ሚካኤል በአሥራ ሁለት ቢውልም እዚያ ማኅበሩ የሚጠጣው እሑድ ነው፤ በማግስቱ የእትዬ ተራ ነበር። ድፎ ልትጋግር አሰበች። ያለ ኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ደግሞ ለእሷ ድፎ አይደለም። በሳምንቱ መሐል ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር ያሉትን የሐበሻ ሱቆች አዳረስን። ጤፍ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ኮረሪማ አለ... ኮባ የለም።

"በፎይል ጋግሪው በቃ" አለቻት ሜሉ።

"ሚካኤልን በፎይል ጠቅልዬ ላስተናግደው?"

በኋላ ጋሽ ተወልደመድህን ትዝ አሏት። ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ አብረው ጽዳት ሠርተዋል። አሁን የሚሠሩት ከሄልስፊር ባቡር ጣቢያ በአውቶቡስ በሚኬድበት አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ውስጡ የሞቃት አገር ዛፍ ብቻ ነው። ውጭ በረዶ ሲወርድ እዚያ ሰው ያልበዋል። ኮባም አለ። ያረጀውን ቅጠል አትክልተኞቹ ቆርጠው ይጥሉታል አሉ።

ደወለችላቸው።

"ቅዳሜ ልጆቹን ላኪልኝ። እቆርጥላቸዋለሁ።"

ስንወጣ እትዬ በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

"መንገዱ ያንሸራትታል። ልጄን አደራ። ከዓይንህ እንዳትጠፋ።"

"ናይ፣ ማማ" አለች ሜሉ ጫማዋን እያሰረች። "አይ" ማለት ሲያምራት ናይ ነው የምትለው። "እኔ ነኝ እሱን የምጠብቀው። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ ሰውየው እግሩን ረግጦት ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።"

እውነቷን ነው። ቋንቋውን አላውቅም። ባውቅም አልናገርም ነበር። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው ነኝ።

ይህንን ያዙልኝ።

ውጭ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። የመስታወቱን ቤት በር ስንከፍተው ሙቀቱ ፊታችንን መታን። እርጥብ አፈር ይሸታል። ከላይ ውሃ ይወርዳል። ጠብ... ጠብ...

አንድ ባልና ሚስት የሕፃን ጋሪ እየገፉ ይዞራሉ። ሌላ ሰው የለም።

ጋሽ ተወልደመድህን መግቢያው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ጆሯቸው ላይ ትልቅ የጆሮ መከላከያ አድርገዋል። መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት።

ዙሪያዬን አየሁ። የሚሠራ ማሽን የለም።

አንዱን ጆሯቸውን ገለጥ ሲያደርጉልኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና ስሜን ልነግራቸው ጀመርኩ።

"ተክሉ እባላ..."

እጃቸውን ቶሎ አነሱ።

"ኋላ፣ ወደይ። ስም ደጅ ስንወጣ።"

ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ጆሯቸውን መልሰው ሸፍነው ወደ ውስጥ መሩን።

"ሽማግሌው ምን ሆኗል?" አለችኝ ሜሉ በክርኗ እየነካችኝ።

"ሆነዋል በይ።"

"ያ፣ ያ። ሆነዋል፣ አጎቴ ሆይ።"

በአምስት ዓመት ብቻ ስለምበልጣት አጎቴ የምትለኝ ለማሾፍ ነው።

ኮባው ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ መሐል ላይ ካለው ኩሬ ወዲያ። ሜሉ ኩሬው ጋ ቀረች። ውሃው ላይ የተንሳፈፉትን ትልልቅ ቅጠሎች በስልኳ ማንሳት ጀመረች። እኔ ከጋሽ ተወልደመድህን ጋር ሄድኩ። እኛ ጓሮ እንሰት ስለነበር ኮባ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሳየው ደስ አለኝ።

እሳቸው በቢላዋ እየቆረጡ ያሸክሙኛል። አይናገሩም።

ከኩሬው ማዶ አንድ ቅጠል ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዱ ብቻ። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሏል። ንፋስ እንዳልል፣ ቤቱ ዝግ ነው...

ክንዴ ሞላ። ቅጠሉ ሊያመልጠኝ ሲል ዞር አልኩ።

"ሜሉ፣ ነይ ያዢልኝ።"

ጮክ ብዬ አላልኩም። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ነው።

ቢላዋው ቆመ።

ጋሽ ተወልደመድህን ከንፈሬን አይተው ኖሯል። ጆሯቸውን ገለጡ።

"ምን አልክ?"

"እንድትይዝልኝ..."

"ስሟን ጠራህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እዚህ ስም አይጠራም" አሉ በሹክሹክታ። "የሰማውን ይይዛል። በሰማው ድምፅ መልሶ ይጠራል። ካልመለሱለት ምንም አይልም። እኔን አምስት ዓመት ጠርቶኛል፤ አንድ ቀን አልመለስኩም። ሂድ። አውጣት።"

"ማን ነው የሚጠራው?"

 ጆሯቸውን ሸፈኑ።

ያኔ ሰማሁት።

"ሜሉ... ነይ ያዢልኝ።"

ከማዶ ነው። ከቅጠሉ ውስጥ።

ድምፁ የእኔ ነበር።

አፌ ግን ዝግ ነበር።

ሜሉ ከስልኳ ቀና አለች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማዶ አየች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እትዬ ሜሉን ስታሳድግ ብዙ ነገር ትታላታለች። አንዱን ግን አልተወችም። በስምሽ ስትጠሪ "ምን" አይባልም፣ "እ" አይባልም፤ "አቤት" ብለሽ ትነሻለሽ። ሜሉ አማርኛዋ በመሐል ሲጠፋባት ወደ ኖርዌይኛ ትሄዳለች። አቤት ግን ጠፍቷት አያውቅም።

ይህ ነገር ሌላ ግማሽ አለው። ዱር ውስጥ ፊቱን ያላየኸው ከጠራህ አቤት አትበል። ይህን እኔን እናቴ ነግራኛለች። ለሜሉ ማንም አልነገራትም። ሃውገሩድ ውስጥ ከዱር የሚጠራ ማን አለና ይነገራት?

መጮህ ነበረብኝ። "አትመልሺ" ማለት ብቻ።

ባልና ሚስቱ አጠገቤ ደርሰዋል። ሕፃኑ ጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ሴትየዋ አየችኝና ፈገግ አለች።

አፌን ከፈትኩ...

አፈርኩ።

"ሜሉ... ነይ ያዢልኝ።"

ሁለተኛ።

ሳልጮህ እደርስባታለሁ አልኩ። መራመድ ጀመርኩ። ቅጠሉ ከክንዴ ተንሸራቶ ወደቀ። መንገዱ ኩሬውን ይዞራል፤ አቋራጭ የለውም።

ሦስተኛው ለስለስ ያለ ነበር። እኔ በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ አለስልሼ ጠርቼ አላውቅም።

"ሜሉዬ... ነይ።"

"አቤት" አለች።

ስልኳን ኪሷ ከተተች። ቅጠሉን በእጇ ገለጠችና ገባች።

እኔ ስደርስ ቅጠሉ ገና ይወዛወዛል። ተከትያት ገባሁ። ቦታው ከአንድ ጠባብ ክፍል አይበልጥም። ከኋላው ወዲያው መስታወቱ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ በረዶ። መውጫ የለውም።

ማንም የለም።

ወጣሁ። ተመልሼ ገባሁ። ግንዱን ሁሉ ዞርኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩና በእጄ ያዝኩት። ደግሜ ልስጠው?

የጠፋ ሰው ስሙን ሳይጠሩ እንዴት ይፈለጋል...

ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ ሆኗል። በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር የምትታየኝ። ብቻዬን ስገባ ምን እላታለሁ? አፈርኩ ልበላት?

"ማንን ነው የምትፈልገው?"

ዞርኩ። ሜሉ ከኋላዬ ቆማለች። ፀጉሯ ረጥቧል። ትስቃለች።

"የት ነበርሽ?"

"እንዴት የት ነበርሽ? አብረን አይደል እንዴ?"

"አብረን አልነበርንም።"

"ኦ፣ አጎቴ ቀልድ ጀመረ። እጄን ይዞ ያዞረኝ ማን ነው ታዲያ?"

እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት።

ሳቋ ቆመ።

"አሁን ለምን ቀዘቀዝክ?" አለች ቀስ ብላ። "ቅድም እኮ ታቃጥል ነበር።"

 ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኳት።

ጋሽ ተወልደመድህን የወደቀውን ቅጠል ሰብስበው፣ በሲባጎ አስረው ሰጡኝ። ሜሉን አላዩዋትም። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

በሩን ከፈቱልን።

እኔ ወጣሁ። ሜሉ ወጣች።

እሳቸው በሩን አልለቀቁትም። ሌላ የሚወጣ ሰው እንዳለ ሁሉ ገፋ አድርገው ይዘውት ቆዩ። ብርዱ ይገባል። አሁንም ይዘውታል...

ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን አሉ። ሰው ሲያሳልፉ እንደሚሉት።

የጆሮ መከላከያውን አወለቁ። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ሲያዳምጡ አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ጸጥ አለ" አሉ። "አምስት ዓመት... ተመስገን፣ ጸጥ አለ።"

ወዲያው እኔን አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ።

"ይቅር በለኝ፣ ወደይ።"

በሩን ዘጉ።

ከሄልስፊር በባቡር ስንመለስ ፉርጎው ሙሉ ነበር። ሰው ቆሟል። ከሜሉ አጠገብ ያለው መቀመጫ ግን ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ ኖርዌጂያን ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ግማሽ ላይ ቆሙ። ወደ ባዶው መቀመጫ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁና ሄደው ቆሙ።

ሜሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ዘፈን ታንጎራጉር ነበር።

ቤት ስንደርስ እትዬ ቅጠሉን አይታ ጉንጬን ሳመችኝ።

"ተባረክ። ልጄንም ኮባዬንም በሰላም አመጣህልኝ።"

ልነግራት ነበር። ሊጡ ደርሷል፣ ሦስት የማኅበሩ ሴቶች ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ያዩኛል። ሜሉ "ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ" ብላ ክፍሏ ገባች።

ሴቶቹ ሲሄዱ እነግራታለሁ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። ውጭው ጨልሟል። በረዶው ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ገንዳውን ዘግቼ ስመለስ ወደ ሕንፃው ቀና አልኩ። የእኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የሰው መስኮት ሁሉ ደረቅ ነው። መጋረጃው፣ መብራቱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል።

የሜሉ መስኮት ብቻ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ውሃ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል።

ከውስጥ አንድ እጅ ጠረገው። ከጠራው ቦታ ሜሉ ወደ እኔ አየች። እጇን አነሳችልኝ።

እኔም እጄን አነሳሁ።

ሁለቱም እጆቿ ይታዩኝ ነበር። አንዱ ተነስቷል፣ አንዱ መስታወቱ ላይ ነው።

ከራሷ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ እንፋሎቱ ሌላ ቦታ ላይ መጠረግ ጀመረ...

ቀስ ብሎ።