በተጠንቀቅ የተለካ ኮት

ሻምበሉ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ልብስ ስፌት ቤቱ ከገባ ጀምሮ ሁለት ጊዜ «ይቀመጡ» ተብሏል፤ እሱ ግን ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ይመላለሳል። የጨርቅ ጥቅሎቹን ይነካካል፣ መንገዱን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ደግሞ መንገዱን ያያል።

«ሱፉ ለሰርግ ነው?» አለችው ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«ለስብሰባ ነው። ነፃው ንቅናቄ ውስጥ ገብቻለሁ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ንግግር አለብኝ።»

ጥግ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት እናቷ መርፌያቸውን አቆሙ።

ነፃው ንቅናቄ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱም ያልጣማቸው መምህራንና ሾፌሮች፣ ከአንድ ፋርማሲስት ጋር ሆነው ያቋቋሙት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለውን ሻምበል ለማግኘት ሁለቱም ፓርቲዎች ደጅ ጠንተውት ነበር። «ከአንድ አዛዥ ወጥቼ ለሌላ አዛዥ አልገባም» ብሎ መለሳቸው።

እናትየው ፖለቲካ ሲነሳ ፊታቸው የሚጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባላቸው «ለሁለት ሳምንት ስብሰባ» ብለው ከቤት ወጥተው የተመለሱት በስድስተኛው ዓመት ነው፤ ያውም ታመው። ከዚያም ዓመት አልቆዩም። ስለዚህ «ወታደርና ፖለቲከኛ ከዚህ ቤት ልብስ ይወስዳል እንጂ ልጅ አይወስድም» የሚል ሕግ አውጥተዋል። ይሄኛው እንግዳ ደግሞ ይባስ ብሎ ሁለቱንም የሆነ ነው።

«እንለካ» ስትለው እግሮቹን ገጠመ፣ ደረቱን ነፋ፣ ትንፋሹን ያዘ።

የሙያዋ ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ደንበኛ ሲለካ ወሬ ያስይዙታል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ መለካቱን ይረሳል። እሷም አሥር ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው። የዚያን ቀን ግን አፏ ተሳሰረ። የሻምበሉ ዓይን ከጭንቅላቷ በላይ አልፎ በሩን ይጠብቃል፤ አንገቱ ስር የሳሙና ሽታ አለ።

«ሜትሩ ሁለት ጊዜ ወደቀብሽ» አላት።

«ሜትሩ አርጅቶ ነው» አለች፤ በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ የሞኝ መልስ ተሰምቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ክር ልትገዛ እንደምትወጣ ለእናቷ ነግራ አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻምበሉ መድረክ ላይ ሲወጣ ኮቱ ልክክ ብሎለት ነበር። እጁን ሰላም ለማለት ሲያነሳ ግን ኮቱ ተከትሎት እስከ ጆሮው ወጣ። እጁን ሲያወርድ ደረቱ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተንዘላዘለ። ጎንበስ ሲል ደግሞ መሃለኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መታ።

«ሻምበል፣ ተኩስ ተከፈተ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሻምበሉ እጁን ከጎኑ ሳይነቅል፣ ቀጥ ብሎ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ተናግሮ ወረደ። ምን እንዳለ ማንም አልሰማም። እሷን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰኞ ጠዋት በዝናብ ኮቱን ይዞ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው ገና ሳይናገር። «ተጠንቀቅ ላይ ሆነው ነው የለካሁዎት። ኮቱ ለቆመ ሐውልት ነው የተሰፋው እንጂ ለሰው አይደለም።»

«ዘና ብዬ ልቁማ።»

ሞከረ። ትከሻው አልወርድ አለ።

«አሳርፍ!» ብላ አዘዘችው፣ ጨንቋት።

እግሩን ከፈት አድርጎ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፤ የባሰ ደረቀ። እናትየው እንኳ ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ።

ያን ጊዜ ዘዴዋ ትዝ አላት። «ጦሩ ውስጥ እያሉ በጣም የሳቁበትን ቀን ይንገሩኝ።»

ትንሽ አሰበና ስለ አንዲት ፍየል ጀመረ። ጠረፍ ላይ ሳሉ ጄኔራል ለጉብኝት ሊመጣ ሲል ፍየሏ ድንኳን ገብታ የድንበሩን ካርታ ግማሹን በልታዋለች። ጄኔራሉ «ድንበሩ የት ጋ ነው?» ቢል፣ ወጥ ቤቱ ቀበል አድርጎ «ሆዷ ውስጥ፣ ጌታዬ!» አለ። ሻምበሉ ይህን ሲናገር ከት ብሎ ሳቀ፤ ትከሻው አራት ጣት ያህል ወረደ። እሷም ፈጥና ለካችው።

የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል። እጇ እዚያ ላይ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ቆየ።

«ያምዎታል?»

«ሲዘንብ ብቻ።»

«አሁን እኮ እየዘነበ ነው።»

ሻምበሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን አየ።

«ለምን አትናገርም ታዲያ?» አለችው።

«አንተ» እንዳለችው ሁለቱም ሰሙ። ማንም አላረመውም።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ ምክንያት አላጣም። ዛሬ ኪስ ያሰፋል፣ ነገ ገበር ያስቀይራል። አንድ ቀን ሙሉ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ፤ እናትየው በሰዓት ይዘውለታል።

«ከእንግዲህ ከዚህ ከተማ የትም አልሄድም» አላት አንድ ከሰዓት። «እናትሽን ላነጋግራቸው?»

«ምርጫው ሳያልፍ እንዳትሞክራት። መርፌ በእጇ ነው።»

ወደደችው። አገር ያወቀውን ነገር ለራሷ ለማመን ሁለት ሳምንት ፈጀባት እንጂ ወደደችው።

በሁለተኛው ስብሰባ ኮቱ አብሮት ተንቀሳቀሰ። ስለ ፍየሏ አወራ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ «ድንበር ማለት ካርታ ላይ ያለ መስመር አይደለም፤ ውሃ አጥተው እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው» ሲል አዳራሹ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። እሷም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። በሳምንቱ ንቅናቄው ማንም ለመወዳደር ለማይደፍረው ለዚያ የጠረፍ ወረዳ ሻምበሉን በእጩነት መረጠው።

ሊነግራት ሲመጣ ከበሩ አላለፈም።

«ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአራት ወር። ካሸነፍኩ ደግሞ…» ሳይጨርሰው ተወው። «ጠብቂኝ።»

ልጅ ሳለች እናቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ማዕድ ላይ ትርፍ ሳህን ያስቀምጡ ነበር። እሷ በር በሩን እያየች ነው በልታ ያደገችው።

«አልጠብቅዎትም፣ ሻምበል።»

ከቃሉ ይልቅ «ዎት» የምትለዋ ናት የመታችው። ሳያውቀው ተጠንቀቅ ብሎ ቆመ፤ ዞሮ ሄደ።

ረቡዕ ዕለት አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈታች።

«ትወጂዋለሽ?» አሉ እናቷ፣ ቀና ሳይሉ።

«እወደዋለሁ፣ እማዬ። ግን እንዳንቺ ቁጭ ብዬ በር ማየት አልችልም።»

«ቁጭ በይ ያለሽ ማን ነው?» መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። «አባትሽ የዚያን ጊዜ ‹ነይ፣ ልጅቷንም ይዘን አብረን እንሂድ› ብሎኝ ነበር። ቤቱን ማን ያያል ብዬ ቀረሁ።»

ይህን በሃያ ዓመት ለሰው ተንፍሰው አያውቁም።

«ለዚህ ቤት የሚበቃውን መጠበቅ እኔ ጠብቄዋለሁ» አሉ። «ላንቺ የተረፈ የለም።»

ሐሙስ ጠዋት ሻምበሉ አውቶቡስ ተራ የደረሰው ከሰዓቱ እጅግ ቀድሞ ነው። ፋርማሲስቱ ሊሸኘው መጥቶ አጠገቡ ያዛጋል። ሰፊዋ በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪና ታቅፋ፣ እናቷ ሻንጣ ይዘው ሲመጡ አየ።

«አይሆንም» አለ እንደ አዛዥ። «ውሃ እንኳ በቦቴ ነው የሚመጣው።»

«እዚያ ሰው ልብስ አይለብስም?»

«ይለብሳል።»

«እንግዲያው ሥራ አለኝ።»

«አልጠብቅም አላልሽም?»

«አዎ፣ አልጠብቅህም። አልወድህም ግን አላልኩም።»

ሻምበሉ ወደ እናትየው ዞረ።

«አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ተመለሱ» አሉት። «አንዳችሁ ብቻችሁን ብትመጡ በሬን አልከፍትም። አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?»

«በአምስት ሰዓት።»

«ማዘጋጃ ቤት በሦስት ይከፈታል። ምን ይገትርሃል ታዲያ?»

በሦስት ሰዓት ተኩል የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የጋብቻ መዝገቡን ገለጠ። እናትየውና ፋርማሲስቱ ለምስክርነት ከኋላ ቆመዋል። ሻምበሉ ከፊርማው በፊት ጠጋ ብሎ «ብሸነፍስ?» አላት በሹክሹክታ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱን ስላልደበቃት ይበልጥ ወደደችው።

«አድራሻ?» አለ ጸሐፊው። «የእርስዎንም፣ የእሳቸውንም።»

«የሁለታችንም አንድ ነው» አለች። «የት እንደሆነ ግን ገና አላየሁትም።»