የእህቴ ባል ኮምፒውተር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በእነዚህ ጣቶቼ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ቲቪና ሬዲዮ የምጠግንበት ሱቄ ነው።

ታላቅ እህቴ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች።

የባሏ ኮምፒውተር ነበር። ኪቦርዱና ማሽኑ አንድ ላይ የሆነ፣ ከቲቪ ጋር የሚገናኝ፣ የድሮ ዓይነት።

ባሏ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዝናብ ቀን፣ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። የበላው ጅብ አልጮኸም። ያን ቀን ጠዋት እዚህ ማሽን ላይ ሲጽፍ አይታዋለች።

«የጻፈውን አውጣልኝ» አለችኝ።

«እትዬ... ይሄ ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። የጻፈው ካለም የሚቀመጠው በቴፕ ካሴት ላይ ነው።»

ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ክሩ ሻግቶ ተጣብቋል። አበቃለት።

«ቢሆንም... ክፈተው።»

እንዲህ ያለ ዕቃ ዝም ብሎ አይሰካም። ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ዘመን ሙሉ ተኝቶ ከቆየ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ ብሎኖቹን ፈታሁ።

አቧራ የለውም።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥ ላይ ተቀምጦ... አንዲት ብናኝ የለችም።

«ጠርገሽዋል እንዴ?»

«እኔ? ብርድ ልብሱን እንኳ ፈትቼው አላውቅም።»

ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ክፍሎች ሲያረጁ ያብጣሉ፤ ያበጠ ፈለግኩ፤ የለም። ፓወር ሰፕላዩን ነጥዬ ለብቻው ለካሁት፤ አምስት ቮልት፣ ልክ ነው። አሁንም አላመንኩትም። መልሼ ገጠምኩት፣ ከአንድ ቲቪ ጋር አገናኘሁት፣ ከዚያ የመብራቱ መስመር መሃል አንድ አምፖል አስገባሁ። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ደህና ከሆነ ፈዘዝ።

ሰካሁት። ፈዘዝ አለ።

ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ደመቀ... ፈዘዘ... ደመቀ... ፈዘዘ።

ቀስ ብሎ። እንደተኛ ሰው ትንፋሽ።

ቲቪው ላይ ጽሑፍ መጣ። ፊደሉ የፈረንጅ፣ ቃሉ ግን የእኛው።

«ማነው?»

እህቴ አፏን ያዘች።

«እሱ ነው... እንዲህ ነበር የሚጽፈው» አለች በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ ተይ... አትንኪው!»

አልሰማችኝም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች።

«እኔ ነኝ። የት ነህ?»

አምፖሉ ደመቀ።

«ጨለማ ነው። ብዙ ነን።»

እጄን ወደ ሶኬቱ ሰደድኩ። እሷ ግን ፈገግ አለች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ...

«ልምጣ?» ብላ ጻፈች።

መልሱን አልጠበቅኩም። ሶኬቱን ነቀልኩት።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ደግሞ አንተ ገደልክብኝ።»

አንጀቴ አልቻለም። እየፈራሁ መልሼ ሰካሁት። ምንም። ሽቦውን ቀየርኩ። ምንም። እስኪመሽ ታገልኩ። ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም።

በዘጠነኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። አሁንም በጠራራ ፀሐይ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«እትዬ!»

ገፍቼ ገባሁ፤ ማንም የለም።

ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳሰስኩት። በረዶ። ሽቦው መሬት ላይ ተጥሏል፤ የትም አልተሰካም።

ሆስፒታል ፈለግኳት፣ ፖሊስ ጣቢያ ፈለግኳት። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አሁን መፈለጉንም ትቻለሁ።

ለፖሊስ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ።

ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ስር አይቻለሁ። ጫማዋ እዚያ ነበር። በሥርዓት ተቀምጦ።

ከጎኑ ደግሞ የወንድ ጫማ አለ፤ የባሏ።

ዝናብ ከጣለ ሦስት ወር አልፎት ነበር...

የጫማው ጭቃ ግን እርጥብ ነበር።