ጨው የሚተፉ ነፍሳት

ተመራማሪው ይታየው እሑድ ጠዋት፣ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ምድር ቤት፣ ጭንቅላቱ ከገንዳው የድንጋይ ጠርዝ ሥር ተፈንክቶ ተገኘ። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ የራሱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የሞተው አርብ ማታ ነው አለ። ሟቹ ወለል ጠራጊ ቢሆን «አዳልጦት ነው» ተብሎ በማግስቱ ይቀበር ነበር። የተማረ ነውና መርማሪ ተላከለት።

መርማሪዋ ትብለጥ ትባላለች፤ ጎንደር ተወልዳ እስራኤል፣ ቤርሼባ ያደገች፣ ከምትናገረው የምታየው የሚበዛ ሴት። ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ፣ ወዳለው ቤተ ሙከራ ስትወርድ የሟቹ እናት እማማ እታገኝ ደረጃው ላይ ያዟት።

«ሚስቱ ናት! አርብ ከሰዓት በዚያች አብራው በምትሠራ ፈረንጅ ቀንታ ‹ጨውህ ይብላህ› ስትለው ሰፈራችን ሽኩና ጊሜል በሙሉ ሰምቷል። የልጅ ልጄን ኤላን ወስጃታለሁ። ገዳይ እጅ አትገባም!»

ሚስቱ አመለወርቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «ቀንቻለሁ» አለች። «ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ሲውል የማትቀና ማናት? ግን የዚህ ቤት ቁልፍ የለኝም። ልጄን መልሱልኝ።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«ሻኬድና በለጠ።»

ሻኬድ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። በአረንጓዴ ውኃ የተሞሉትን ጠርሙሶች አሳየቻት።

«ሳይኖባክቴሪያ ይባላሉ፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። የጨው ውኃ ውስጥ ይኖራሉ። የጨው ሶዲየም በሽፋናቸው ሾልኮ ይገባል፤ እነሱ መልሰው ይተፉታል። ሽፋኑ ላይ በር ጠባቂ ፕሮቲን አለ፤ ሃይድሮጅን ሲያስገባ ሶዲየም ያስወጣል።»

«ጉልበቱን ከየት ያመጡታል?»

«ከብርሃን። ለዚህ ነው እዚህ መብራት የማይጠፋው። የኛዎቹ አንድ ሌሊት ጨለማ ይችላሉ። ሁለት ሌሊት ከሆነ ሶዲየሙ ያጥለቀልቃቸውና ይነጣሉ።»

«ውስጣቸው ያለውን ሶዲየም ለክተሽ ንገሪኝ። ይታየውንስ ትወጂው ነበር?»

ሻኬድ ጥርሷን ነከሰች። «ጥናቱ የሁለታችን ነው፤ ስሙን ከስሜ አስቀደመ። እንዴት ልውደደው?»

በለጠ ጠርሙስ አጣቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገባ ብዙም አልቆየም። የጠርሙስ አጣቢን ስም ማን ይጠይቃል? ትብለጥ ጠየቀችው።

«አርብ ማታ የት ነበርክ?»

«ምኩራብ። ከዚያ ቤቴ። ሻባት እኮ ነው እኅቴ፤ የት እሄዳለሁ?»

«ይታየው ጥሩ ሰው ነበር?»

«ጥሩ! እጅህ እርጥብ ነው እያለ ሰላም የሚለኝ በክርኑ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምድር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መብራቱ አርብ ጠፋ፣ በጨለማ አዳልጦት ወደቀ ተብሏል። እስኪ ጠርሙሶቹን እዩ።»

«አረንጓዴ ናቸው» አለች ሻኬድ። «ለክቼዋለሁ። የገባባቸው ሶዲየም የአንድ ሌሊት ጨለማ ያህል ብቻ ነው።»

«እንግዲያው መብራቱ ቅዳሜን ሲበራ ውሏል። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ከፍቶ ገባ፤ ሬሳውን እያየ፣ አዳልጦት እንዲመስል መብራቱን አጠፋ፤ ቆልፎ ሄደ፤ ለማንም አልተናገረም። ይህ የገዳይ ሥራ ነው። ግን አርብ ዕለት ለምን አላጠፋውም? ሻባት ከአርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ነው፤ የሚያከብረው ሰው መብራት አይነካም። ሻኬድ፣ በሻባት መብራት ታጠፊያለሽ?»

«ሲጋራም አጨሳለሁ።»

«አንቺ ብትሆኚ እዚያው አርብ ታጠፊው ነበር። አመለወርቅ ቁልፍ የላትም። የቀረው ሻባት እስኪወጣ የጠበቀ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ በለጠ ዞሩ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አገር ቤት ሳለን አመለወርቅን አስቀድሜ ያስጠየቅኋት እኔ ነበርኩ» አለ። «ለሱ ሰጧት። መጣላታቸውን ብሰማ አርብ ማታ በእግሬ መጣሁ፤ ካልወደድካት ተዋት ልለው። ሳቀብኝ። ‹ትናንት ክርስቲያን ነበርክ፤ ሻባትን ያስተማርንህ እኛ ነን› አለኝ። ገፋሁት።»

«መብራቱስ?»

«እጄ ማጥፊያው ድረስ ሄዶ ነበር። ባጠፋው እሱ ያለው እውነት ሊሆን ነው።»

አመለወርቅ ቀና አለች። «መግደሉስ ተፈቅዶልህ ነበር?»

በለጠ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

እማማ እታገኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ኤላ ምግብ እንቢ ብላለች» አሉ ሳይዞሩ። «ነይ፤ አብልተሽ ውሰጃት።»

አመለወርቅ ቀድማቸው ወጣች።