ባዶዎቹ አልጋዎች

የአንዲት ነርስ ወንድም እሷ የምትሠራበትን ሆስፒታል ባዶ አልጋዎች በስልኩ ቀርጾ ለሕዝብ አሳየ። ሕዝቡም አመነው። ብዙ ሳይቆይ አባቱ ከነዚያው አልጋዎች በአንዱ ላይ ሞተ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት ሆነ የሚለው ነው... አንጀት የሚበላውም እሱ ነው!

ቤተሰቡ የሰርግ አዳራሽ ነበረው። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም መኪናውን ሸጦ ከመኖሪያ ቤቱ ጎን አዳራሹን አሠራና ለልጁ "በል እንግዲህ፣ መሪውን ያዝ" ብሎ አስረከበው። ልጁ ታታሪ ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይፈጥናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሰፈሩ "ማይኩ" ነው የሚለው። እናትየው የአዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ታላቅ እህትየው ነርስ ናት። ሰው ሁሉ "ሲስተር" ይላታል፤ ማይኩ ብቻ "እታለም" ይላታል። አንድ ግቢ፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ሳቅ! ምን ጎደላቸው? ምንም!

ከዚያ ያ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ወረርሽኝ መጣ። ስብሰባ ተከለከለ፣ ሰርግ ተከለከለ። ወንበሮቹ እየተደራረቡ ጣሪያ ሊነኩ ደረሱ። አስተናጋጆቹ አንድ በአንድ ተሰናበቱ። ማይኩ በየጠዋቱ አዳራሹን ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፣ ያጠፋል፣ ይዘጋል። ሌላ ሥራ የለውም። ሥራ የፈታ አፍ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል።

"ቆይ እስቲ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። በሽታው ታክሲ አይሳፈርም? ሰርግ ላይ ብቻ ነው የሚጠራው?"

"ታክሲማ ይፈራል" ይላል አባትየው እየሳቀ። "ረዳቱ ሒሳብ ይለዋላ!"

ሁሉም ይስቃሉ። ነርሷ አትስቅም። እሷ ከነጭምብሏ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የምታወራቸው። ግቢው ጥግ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ትተኛለች፣ ለብቻዋ ትበላለች፣ ልብሷን ለብቻ ታጥባለች። እናትየው በመስኮት ታያታለች። የወለድኳት ልጅ ምን ሆና ነው የማትስመኝ? የደበቀችን ነገር ባይኖር ለምን ትርቀናለች? ጎረቤት ደግሞ አለ፤ ጎረቤት መቼ ዝም ይላል! "በበሽታው ሞተ ብለው ለሚቆጥሩት ሬሳ ሁሉ ለነርሶቹ ይከፈላቸዋል አሉ" ብላ አንዷ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። እናትየው ልጇን አልጠየቀቻትም። ብትጠይቃት ኖሮ... አልጠየቀቻትም። መሰለል ብቻ ጀመረች። ስንት ሰዓት ገባች? ምን ይዛ ገባች? በስልክ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

አንድ ቀን ነርሷ ተረኛ ሆና ሳትመጣ አደረች። አባትየው አላስቻለውም፤ "ለልጄ ምሳ አድርስላት" ብሎ ማይኩን ላከው። የሆስፒታሉ ዘበኛ የሲስተር ወንድም መሆኑን ስለሚያውቅ "በጓሮ ዙር፣ አትቆይ" ብሎ አስገባው። ማይኩ በጓሮ ሲዞር መንገድ ተሳሳተ። አንድ በር ገፋ። ለበሽተኞቹ የተሠራ አዲስ ክፍል ነበር። ከዳር እስከ ዳር አልጋ! አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ። አንድም ሰው አልተኛበትም። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠና ስልኩን አወጣ።

"ወገኖቼ! አልጋ ሞላ ብለው ነው ቤታችንን የዘጉት። ይኸው አልጋ! ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም! ለማን ነው የተቀመጠው? ማንን ነው የሚጠብቁት?"

ፀሐይ ሳትጠልቅ አገር ምድሩ አየው። በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ ወሬው ይኸው ሆነ። ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ቀርቦ ሊያስረዳ ሞከረ፤ በስልክ የገባ አድማጭ "ዶክተር፣ ዓይናችንን እንመን ጆሯችንን?" አለና ዘጋው። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማል? ነርሶች በር ላይ ተሰደቡ። ሰው ጭምብሉን እያወለቀ "ባዶ ነው እኮ!" ይባባል ጀመር። ሆስፒታሉ ማን እንዳስገባው ጠየቀ። ዘበኛው ተባረረ። ነርሷም ነገሩ እስኪጣራ ሥራሽን አቁሚ ተባለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በጠራራ ፀሐይ ቤት መጣች።

"አልጋ ብረት ነው" አለችው ወንድሟን። "ሰው የሚያተርፈው ኦክስጅን ነው። እዚያ ክፍል ቧንቧው ገና አልተዘረጋም። ቢዘረጋስ የሚያስታምም ሰው የት አለ? ያለነውም አልበቃንም። አሁን ደግሞ አንዷን ቀነስክ።"

"ይሄን ማን አስጠናሽ?"

"እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ?"

"ስንት ይሰጡሻል፣ ሲስተር?"

ሲስተር አላት! እታለም ማለት በዚያው ቀረ። አባትየው "ኧረ ተዉ፣ አንድ እናት ልጆች አይደላችሁ?" አለ። እናትየው የነርሷን ቦርሳ አየት አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ይሄ ከስድቡ ባሰ።

ማይኩ አዳራሹን ከፈተው። መጋረጃ ጋርዶ፣ ሙዚቃውን ቀንሶ ሰርግ አስተናገደ። አባትየው እንደ ድሮው ሙሉ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆመ፤ የገባውን ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመ። ነርሷ ግቢው በር ላይ እንግዳውን ትለምናለች... "እባካችሁ ተመለሱ፣ በእናታችሁ!" የሙሽራዋ አጎት ቆም ብሎ አያት። "ቀናሽ እንዴ፣ እህቴ? አንቺም አግቢያ!" ሳቁባትና ገቡ። በማግስቱ ቦርሳዋን ከዕቃ ቤቱ ውጪ አገኘችው። ያወጣው ማይኩ ነው። እናትየው መስኮት ላይ ሆና ስታይ ነበር። ነርሷ ቦርሳዋን አንስታ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋ ሄደች።

ከዚያ አባትየው ማሳል ጀመረ።

"አባዬስ?" ትላለች በስልክ።

"ተኝቷል" ትላለች እናት።

"በቀን?"

"ደክሞት ነው። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?"

ከኋላ ሳሉ ይሰማል። ሳል እንዴት ይደበቃል? ሮጣ መጣች። በሩ አልተከፈተላትም። እናትየው በቆርቆሮው ስንጥቅ በኩል በአንድ ዓይኗ ታያታለች።

"እማዬ፣ ክፈቺልኝ። አሁን ቢሄድ ይተርፋል።"

"ወስደሽ ከቁጥራችሁ ልትጨምሪው ነው?"

"እማዬ! አባቴ ነው!"

"ባሌ ነው። ሂጂ።"

እናት ናት ይህን የምትለው! ከክፋት እንዳይመስላችሁ። ባሏን የምታድን መስሏት ነው። ሆስፒታል የገባ አይወጣም ብለዋታል፤ ልጇም ከነሱ ወገን ናት ብለዋታል። ስለዚህ ቆለፈችበት። በፍቅር ቆለፈችበት! ሽማግሌው እያለከለከ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ፣ "አይ፣ ጉንፋን ናት" እያለ ቆየ... አንድ ጠዋት ግን ቃል ማውጣት አቃተው። ማይኩ ያን ጊዜ ደነገጠ። አቅፎ መኪና ውስጥ ከተተው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው ወለል ላይ ተኝቷል። ያሉት ሁለት ነርሶች ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣሉ። ማይኩ አላየም። እሱ የሚያየው ያንን ክፍል ነው።

"አልጋ አላችሁ! እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ!"

ተረኛው ሐኪም ቀና አለ። ዓይኑ ከድካም ብዛት ፍም መስሏል። አወቀው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። የአዲሱን ክፍል በር ከፈተለትና "ይኸው አልጋ፣ አስተኛው" አለው።

ማይኩ አባቱን አስተኛ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያስ? ግድግዳውን አየ፤ ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ኮሪደሩን አየ፤ ወደዚያ ክፍል የሚመጣ ሰው የለም። ለካስ አልጋ ብረት ነው! ስልኩን አወጣ። ያንን ሁሉ ሕዝብ የጠራበትን ስልክ... አሁን የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ አለው።

"እታለም! ድረሽልኝ!"

መጣች። አዲሱ ዘበኛ "ታግደሻል፣ አትገቢም" አላት፤ ሐኪሙ ከሩቅ "አስገባት! ሰው አጥሮናል!" ብሎ ጮኸ። ነጭ ጋዋኗን ሳትቆልፍ ሥራ ጀመረች። መጋዘን ውስጥ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ቀርቷል። ሌሎቹ እየመጡ ነው፣ መንገድ ላይ ናቸው። ያችን አንዷን ሐኪሙ አስቀድማ ለመጣች ለአንዲት እናት አዟል። እሷ ራሷ ናት ጋሪውን የምትገፋው። የምታልፈው ደግሞ በአባቷ በር ነው!

ማይኩ መንገድ ዘጋባት። "የት ነው የምትወስጂው? አባትሽ እዚህ ነው እኮ!"

"ለሴትዮዋ ነው የታዘዘው። እሱ ቀጥሎ ነው።"

"አባትሽ ነው!"

"አውቃለሁ። ልቀቀኝ።"

"እታለም... በእናትሽ..."

"ልቀቀኝ፣ ሰው እየሞተ ነው!"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ፈጥናችሁ አትመልሱ። ጋሪውን ገፋች። ለሴትዮዋ ገጠመችላት። ከዚያ ሮጠች። እንደዚያ ሆና ሮጣ አታውቅም።

"መጣሽ?" አለ አባትየው።

"መጣሁ፣ አባዬ።"

"ዳገቱ... በዛ እኮ፣ ልጄ።"

"ደርሰሃል አባዬ፣ ትንሽ ናት የቀረችው።"

"አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ..." ትንፋሹን ፈለገ። "ከዚህ በታች... ማርሽ የለም።"

ጀርባውን ደግፋ ቀና አደረገችው፤ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልሳመችውን ግንባር ሳመች። ላስቲኩ በትንፋሹ ልክ ይንኮሻኮሽ ነበር... ይንኮሻኮሽ ነበር... ከዚያ ላስቲኩ ዝም አለ። ሲሊንደሮቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ማይኩ ቤት ሲገባ እናቱ በር ላይ ነበረች። ፊቱን አይታ አወቀች። "እንዴት ሆነ?" አለችው። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን ይኼ ነው፦ "ሲሊንደሩ በእጇ ነበር። ለሌላ ሰው ሰጠችው።" ውሸት አይደለም። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው! እናትየው አላለቀሰችም። መኝታ ቤቷ ገብታ ቆለፈች። ከቀብር መልስም እንደገና ቆለፈች።

ማይኩ ግን እንቅልፍ አጣ። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሽበታል። በመጨረሻ አዳራሹ መሃል ቆመና ስልኩን ደገነ። "ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ። አልጋዎቹ ባዶ የሆኑት ኦክስጅንና ሰው ስለሌለ ነው። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ" አለ። ያ ሁሉ ያጨበጨበለት ሕዝብ ምን አለው? "ስንት ከፈሉህ?" አሉት። "በአባቱ ሬሳ ነገደ" አሉት። አንዱማ "ማይኩ፣ አስገድደውህ ከሆነ ሁለቴ አስል" ብሎ ጻፈለት። የእናቱ መኝታ ቤት በር ላይ ተንበርክኮ ያንኑ ደገመላት። ከውስጥ የመጣው መልስ አንድ ነው፦ "ምን አቀመሱህ፣ ልጄ?"

ሰው ዕድል ነው ይላል። የተጻፈ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው ይላል። ይሁን። ግን ዕድል የማንንም በር ሲቆልፍ አልታየም። ቁልፉን ያዞረው የሰው እጅ ነው፤ አንዱ በንዴት፣ አንዷ በፍቅር። እንዲያ ሆኖ የተቆለፈ በር እንዴት ይከፈታል? ዛሬ ልጅን ያላመነ ነገ ማንን ያምናል?

ነርሷ መጣች። ግቢው ክፍት ነበር። ማይኩ ደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አልፋው ገባችና የእናቷን በር አንኳኳች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

ቁልፉ አልዞረም።

"እማዬ..."

"ሲሊንደሩ በእጅሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ለማን ሰጠሽው?"

"ለአንዲት እናት። ከሱ በፊት ነው የመጣችው።"

"ተረፈች?"

"ተረፈች።"

ከዚያ ከበሩ ወዲያ፣ በትራስ የታፈነ ሳል ተሰማ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ነርሷ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። ትንፋሹ አጭር ነው። ታውቀዋለች ይሄን ትንፋሽ።

"እማዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አቧራ ነው።"

"ክፈቺ!"

"አቧራ ነው አልኩሽ። ሂጂ።"

ጭምብሏን አጠበቀች። ወንድሟን ጠራችው። በሩን አብረው ሰበሩት።