የይዘንጋሽ ጋሪ ቆላ ሲወርድ

በረዶው ገደሉ አፋፍ ላይ ያዛቸው። ሽንብራ የሚያክል በረዶ ፊት ይገርፋል። ይዘንጋሽ ጋቢዋን ገፍፋ ጋሪው ላይ የተጫነውን ሞተር ሸፈነችበት። «እኔ ልርጠብ፤ እሱ ከረጠበ አለቀልን» አለች።

ሞተሩ ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ታች ቆላ፣ እህቷ ባገባችበት መንደር፣ የውሃ ጉድጓድ ከተቆፈረ ከርሟል፤ ውሃ መሳቢያ ሞተር ግን የለውም። ሰዉ ዛሬም ወንዝ ይጠጣል። አምና ክረምት የይዘንጋሽ ልጅ መሲ አክስቷን ልትጠይቅ ወርዳ ያንን ውሃ ጠጣች። በተቅማጥ ሞተች። ይዘንጋሽ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ብየዳ ቤት አላት፤ የመኪናውን መንገድ ናዳ ሲቆርጠው ማንንም አልጠበቀችም። ጋሪ በየደች፤ ወንድሟን መሳፍንትን አስነሳች፤ የእህቷ መንደር ሽማግሌ አቶ ወልደ አማኑኤል መንገድ ሊመሩ ከቆላ ወጡላት።

ወንድምና እህት በጎማው ተጨቃጭቀው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የሚገፉ ጋሪዎች የሚገጠምላቸው ደረቅ ፕላስቲክ ለሲሚንቶ ወለል ነው፤ ድንጋይ ይሰነጥቀዋል። ብረት ደግሞ እርጥብ አለት ላይ ይንሸራተታል። መሳፍንት «ድፍን ጎማ ይሁን» አለ። እሷ «ሞተሩን አንገጫግጮ ይገድለዋል» ብላ በአየር የሚነፋ የሞተር ሳይክል ጎማ ገጠመች። ለመንዝ ጭቃና ድንጋይ ልክ ነበረች። መንዝ የሚያልቅበት ቦታ እንዳለ ግን ረሳች፤ የደጋ ሰው ነገር!

በረዶው ሲያባራ ከጋሪው ኋላ ያሰሩትን ገመድ ቋጥኝ ላይ ጠምጥመው፣ ቀስ እያሉ እየለቀቁ ጋሪውን አወረዱት። ጎማው አለቱን ነክሶ ወረደ። ሲመሻሽ ጅቦች ከቁጥቋጦው ብቅ አሉ፤ መሳፍንት የጋሪውን ብረት በመፍቻ እየደበደበ አባረራቸው። 

በማግስቱ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ ከሙቀቱም ጋር የግራሩ እሾህ። መጀመሪያ አንዱ ጎማ ተነፈሰ፤ ብዙም ሳይሄዱ ሌላው።

«አባባ፣ መንገዱ እንዲህ እሾህ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አውቅ ነበር፣ ልጄ። ጎማውን ሳየው ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ ደግሞም ሐዘንተኛ። በምን አፌ ‹ሥራሽ አይሆንም› ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይዘንጋሽ ደሟ ፈላ። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። «ቢነግሩኝስ መች እሰማ ነበር? ወንድሜን መች ሰማሁት?»

የውስጡን ጎማ ጎትታ አወጣችና ገመዱን መቆራረጥ ጀመረች።

«ምን ነካሽ?» አለ መሳፍንት። «የመጨረሻው ቁልቁለት ይቀረናል። ጋሪውን በምን ልንይዘው ነው?»

«በሰውነታችን።»

ገመዱን ጎማው ውስጥ ጠቅጥቃ እስኪጠጥር ሞላችው። «ይኸው፣ ድፍን ጎማህን አገኘህ» አለችው። ሁለቱም አልሳቁም።

ቁልቁለቱ ላይ ወንዶቹ ከኋላ ሲጎትቱ እሷ ከፊት በትከሻዋ ደገፈች። መሐል ላይ ጠጠሩ ከዳቸው፤ ጋሪው ሸተት አለ።

«ይዘንጋሽ፣ ዞር በይለት! ይሂድ!» ብሎ ጮኸ መሳፍንት።

ዞር አላለችም። ጎማው እግሯ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመባት። «ድንጋይ አስገቡበት» አለች በሹክሹክታ። መሳፍንት እያለቀሰ አስገባ።

ሞተሩ ደኅና ነበር። እሷን ተሸክመው መንደሩ አስገቧት፤ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ፣ እግሯ ተጠቅልሎ፣ ሞተሩን አስገጠመችና ጋሪው ላይ ጭና ባመጣችው የጋዝ መበየጃ ቧንቧውን በየደች። ውሃው መጀመሪያ ድፍርስ፣ ቆይቶ ጥርት ብሎ መጣ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለእሷ አቀረቡላት።

«ለልጅቷ ስጧት» አለች፤ የእህቷን ልጅ ማለቷ ነው። ልጅቷ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው። ይዘንጋሽ ውሃው በልጅቷ ጉሮሮ ሲወርድ አየች። መሲን ስትቀብር ያልወጣላት ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣላት። 

እንባዋን ስትጠርግ አቶ ወልደ አማኑኤል መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ልጄ፣ አሁን መናገሬ ነውር ነው፤ ግን ብየዳሽ ያንጠባጥባል።»

«ይናገሩ፣ አባባ» አለች እጇን እየዘረጋችላቸው። «ደግፈው ያንሱኝና ያሳዩኝ።»